ከቆርቆሮው በፊት ወረቀቱ

ቤት ማደስ የሚጀመረው ሚስማርና ቆርቆሮ በመግዛት ይመስላል። በከተማ ክልል ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የሚጀመረው ወረቀት በማንበብ ነው። ለፈቃድና ለባለሙያ የሚወጣ ገንዘብ ሲባክን ያየነው፣ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሌላ ሰው ሲያነብለት ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ክረምት በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ዳር ጎልማሶችን ፊደል ስናስቆጥር ከረምን። ተማሪዎቻችን ገበሬዎች፣ ሸማኔዎች፣ ጠላ ሻጮች ናቸው። ብዙዎቹ ሲወለዱ ቤታቸው ገጠር ነበር። ቤቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከተማው ግን እየሰፋ ወደ እነሱ መጣ። ትናንት የገጠር ቀበሌ የነበረው ዛሬ በከተማው ፕላን ውስጥ ገብቷል። በገጠር ሳለ አንድ ሰው የሣር ክዳኑን አንሥቶ ቆርቆሮ ለማልበስ ቢያስብ እንጨቱን ያዘጋጃል፣ ጠላውን ያስጠምቃል፣ ደቦ ይጠራል፣ አለቀ። አሁን ግን ደቦው ከመጠራቱ በፊት ማዘጋጃ ቤት አለ።

አንድ አባት በክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው «ልጆቼ፣ አባቴ የሠራውን ቤት ክዳን ለመለወጥ የማስፈቅደው ማንን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ሁሉም ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቤቱ የሳቸው ነው፤ መንገዱ ግን የሁሉም ነው። የከተማ ፕላን ማለት መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ የጎርፍ መውረጃው በየት እንደሚሄድ፣ ምን ቦታ ለምን እንደታሰበ የተነደፈበት ወረቀት ነው። ጓዳችንን አንድ ክንድ ወደ ውጭ ስንገፋ ወይ መንገድ ውስጥ፣ ወይ የጎረቤት ወሰን ውስጥ ልንገባ እንችላለን። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ደግሞ ሕገ ወጥ ግንባታ ይባልና ሊፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ ቆርቆሮውም፣ የአናጢው ዋጋም፣ የደቦው ጠላም ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 624 ነው፣ የወጣው 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞችና ክልሎች ለሚመርጧቸው ሌሎች ከተሞች ነበር። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» አላቸው። እነዚህን ፊደሎች እንግዲህ ታውቋቸዋላችሁ! የእኛ ዓይነቱ ትንሽ፣ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት «ሀ» ውስጥ ይወድቃል። ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ደግሞ «ሐ» ውስጥ። ሕግ በየጊዜው ይሻሻላልና ዛሬ የሚሠራበትን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቁ። ለትንሽ ቤት የሚያስፈልገው የባለሙያ ሥራ ለትልቅ ሕንፃ ከሚያስፈልገው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ለማንም ባለሙያ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት «የኔ ቤት የትኛው ምድብ ነው? ምን ምን ወረቀት ይጠየቅበታል?» ብላችሁ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። መጠየቅ በነጻ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ክዳኑ ያረጀ ሣር፣ ምሰሶው ሥሩን ምስጥ የበላው። ክረምት ሲገባ በሦስት ቦታ ስለሚያፈስ አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ነበር የሚያድሩት። ቤቱን የሚያድሱበት ገንዘብ ልጃቸው ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። ልጅቱ ኮንትራቷን ጨርሳ ልትመለስ ስለሆነ ሌላ ገንዘብ ከዚያ አይመጣም። ያለው ያው ነው።

ፈቃዱን እንዲያወጣላቸው አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል ሰው ያዙ። ሰውየው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም፤ በሩ ላይ የሚውል ነው። መጀመሪያ 3,000 ብር ተቀበለ። «ፋይሉ ተከፍቷል» አላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ለመሐንዲሱ ነው» ብሎ 2,000 ጨመረ። ደረሰኝ ሲጠይቁት «ኧረ እማማ፣ ደረሰኝማ ሲያልቅ ነው የሚሰጠው» ይላቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብ ሲጠይቃቸው ነው ለኛ የነገሩን።

በማግስቱ አብረናቸው ሄድን። በማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የዜጎች ቻርተር ይሉታል። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኛል። አገልግሎቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚከፈልበት በሰንጠረዥ ተጽፎበታል። ሰው ሁሉ በፊቱ ያልፋል፤ ቀና ብሎ የሚያነበው ጥቂት ነው። ልናነብላቸው ስንል እሳቸው እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ» አሉን። ጣታቸውን በፊደሎቹ ሥር እያስኬዱ «የ... ግን... ባታ... ፈ... ቃድ» አሉ። ከኋላችን የቆመ ወጣት «እማማ፣ ይለፉ እንጂ» አለ። አላለፉም። ጣታቸው በመስመሩ ወደ ቀኝ ሄደ። ማስረጃውን አለፉ፣ ቀኑን አለፉ፣ ክፍያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ለሰውየው ከሰጡት ገንዘብ ሩቡን እንኳ አይሞላም። «እንዴ!» አሉ። ተሳስቼ ይሆናል ብለው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው እንደገና አነበቡት።

በመስኮቱ ስንጠይቅ በስማቸው የተከፈተ ፋይል የለም። 5,000 ብሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር የተሰጠ ገንዘብ መስጠቱን ማን ያስረዳል? ማመልከቻ ጽፎ የድካሙን ዋጋ የሚቀበል ሰው ሌላ ነው፤ እንጀራው ነው። እኛ የምንለው የመንግሥትን ክፍያ በሌላ ሰው እጅ አትላኩ ነው። ክፍያውን ራሳችሁ በመስኮቱ ክፈሉ። ደረሰኙን ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትራቁ። ከተቀበላችሁም በኋላ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስማችሁ ነው ወይ? ቀኑ የዛሬ ነው ወይ? ብሩ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው አንድ ነው ወይ? የተከፈለው ለምንድን ነው ይላል? ማኅተም አለው? ሰልፉ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ገንዘቡን እንኳ ከፍለን ነገሩ አላለቀም። የቦታው ካርታ ሲታይ የተጻፈው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጡ» ተባሉ። ይህ ነው ብዙ ሴቶችን የሚያንገላታው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። የከተማ ካርታ ላይ ግን የባል ስም ብቻ ተጽፎ የቆየ ብዙ አለ። ምስክር ቆጥረው፣ ፍርድ ቤት ተመላልሰው ማስረጃውን ሲያገኙ አንድ ወር ከምናምን ሄደ። እንግዲህ ቤት ለማደስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ከፍታችሁ ካርታው በማን ስም እንደሆነ አንብቡ። ጉድለት ካለው ክረምቱ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው። ዝናብ ስለሆነ ምሰሶ አይተከልም፣ ጭቃ አይመረግም። ወረቀቱን በክረምት የጨረሰ ሰው በጥቅምት ሥራ ይጀምራል። ፈቃዱ ራሱም የሚያገለግልበት ጊዜ አለውና ቀኑን እዩ።

ቀጥሎ የፕላን ነዳፊ መጣ። ሁለት ሰዎች ጠየቅን። አንዱ 6,000 ብር አለ፣ ሌላው 8,000። እኛ ወደ ርካሹ አዘነበልን። እናታችን ግን «ቢመልሱበትስ?» ብለው ጠየቁ። ከኛ የተሻለ ጥያቄ ነበር። ባለ 6,000ው «ማዘጋጃ ቤቱ አስተካክሉ ብሎ ከመለሰው ለእያንዳንዱ ጊዜ 1,500 ትጨምራላችሁ» አለ። ባለ 8,000ው «ፈቃዱ እስኪወጣ ያለ ተጨማሪ አስተካክላለሁ» አለ። በዚሁ ያዙት፤ ቃሉንም በወረቀት አስጻፉት። ፕላኑ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አንዴ የመጸዳጃው ቦታ ለጎረቤት ጉድጓድ ቀረበ ተብሎ፣ አንዴ በአንድ ፊርማ ምክንያት። አሁን ደብተራችሁን አውጡና አስሉት፦ 6,000 ሲደመር 1,500 ሲደመር 1,500 ስንት ይሆናል? ርካሹ የትኛው ነበር?

የአናጢው ነገር የሁሉም ዋና ነው፤ ትልቁ ብር እሱ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ ከአናጢ ጋር የምንዋዋለው ቡና እየጠጣን በአፍ ነው። አናጢው የታወቀ፣ የተመሰገነ ሰው ነው እንላለን። ይሁን፤ መልካም ሰውም ይረሳል። እናታችን ከአናጢው ጋር የእጁን ዋጋ በ40,000 ብር ተስማሙ። ውሉ ላይ ከምሰሶው ቁጥር ጀምሮ ተጻፈ። ቆርቆሮው 30 ጌጅ እንዲሆንም ተጻፈ። ይህን ልብ በሉ፦ የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲበልጥ ቆርቆሮው ይሳሳል። 32 ከ30 የሳሳ ነው፣ 30 ደግሞ ከ28። «ትልቅ ቁጥር፣ ትልቅ ቆርቆሮ» ብሎ የሚገዛ ሰው ይሸወዳል።

ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አልተሰጠም። ቀብድ 4,000። ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ሲያልቅ 16,000። ቆርቆሮው ተመትቶ ሲጨረስ 15,000። የቀረው 5,000 ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ ቤቱ አለማፍሰሱ ሲታይ። አናጢው በዚህ በመጨረሻው ቅር ብሎት ነበር። «እማማ፣ እኔን ነው የሚጠራጠሩት?» አለ። «አንተን አይደለም፣ ዝናቡን ነው» አሉት። ስቆ ተስማማ።

«ቀብድ» የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልተጻፈም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ እንዳለው፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አናጢው 4,000 ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ 8,000 ይመልሳል ማለት ነው። ይኸው ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። አገር ቤት ይህን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ግን ቁጥር 1728 ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ያልተማረውን ሰው እንዳይታለል አጥር አጥሮለታል። እናንተ ግን አሁን ከአጥሩ ውጭ ናችሁ። ማንበብ ከቻላችሁ በኋላ ፊርማችሁ ያስራችኋል። ስምን መጻፍ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፤ ውል አንብቦ መረዳት ግን ጊዜ ይጠይቃል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው አደገኛው። ስለዚህ ያላነበባችሁትን፣ አንብባችሁም ያልገባችሁን አትፈርሙ። «ነገ እፈርማለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ በኩራዝም ቢሆን አንብቡት፤ የከበዳችሁን ቃል ልጆቻችሁን ጠይቁ። ሁለት ምስክር አስፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ያዙት።

እናታችን የአናጢውን ውል ያነበቡት ሦስት ምሽት ወስዶባቸው ነው። በሁለተኛው ምሽት «ምርጊቱ በአሠሪዋ» የሚል ቃል አገኙ። በቃል የተስማሙት ምርጊቱን አናጢው በሰዎቹ እንዲያስመርግ ነበር። ተንኮል ይሁን የጸሐፊው ስሕተት አልታወቀም፤ ተሰርዞ ተስተካከለ፣ በስርዙ ላይም ሁለቱም ፈረሙበት።

ሥራው በጥቅምት ተጀምሮ ቆርቆሮው በታኅሣሥ ተመታ። ፈቃዱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ደረሰኝና ውሉ በላስቲክ ተጠቅልለው ምስጥ በማይደርስበት በብረት ሣጥን ተቀምጠዋል። ልጅቱም ገብታለች። የመጨረሻው 5,000 ብር ገና አልተከፈለም። ብሩ ለብቻው ታስሮ ተቀምጧል፤ እሳቸውም አናጢውም ሰማይ ሰማይ እያዩ ናቸው።