ለክፍለ ሀገር እናት የሚደርስ ጥበብ

ሕፃን በስሙ ሲጠሩት ዘወር ሳይል፣ የወደደውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ ሳያሳይ፣ ዓይኑንም ከእናቱ ዓይን ጋር ሳያገናኝ ወራት ሲያልፉ፣ ወላጆቹ «አፉን ዘግይቶ ቢፈታ ነው» በሚለው የጎረቤት ምክር እየተጽናኑ፣ አንዳንዶችም ክፉ መንፈስ ያደረበት መስሏቸው ከሰው እየሸሸጉት፣ ለትምህርት እጅግ የተመቹት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በከንቱ ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ጠባይ የኦቲዝም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ግን መርገምም የእናት ጥፋትም አይደለም፤ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው።

በአውስትራሊያ የላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያዘጋጁት ኤኤስዲቴክት የተባለው የስልክ መተግበሪያ፣ ከ11 እስከ 30 ወር የሆናቸው ሕፃናት ወላጆች አጫጭር ቪዲዮዎችን እየተመለከቱ የልጃቸውን ጠባይ እንዲመረምሩ ይረዳል። ሐኪሙን አይተካም፤ ነገር ግን ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድበት ጊዜ መድረሱን አስቀድሞ ያስታውቃል።

በሀገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከመሠረቱ ወዲህ ለብዙ ወላጆች የተስፋ በር ቢከፈትም፣ ከመዲናይቱ ርቃ የምትኖር እናት ልጇን አዝላ እዚያ ድረስ መመላለስ አይቻላትም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው፣ 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት፣ ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችም ሠልጥነው ሊሰጡት የሚችሉት ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ መሞከሩ ታላቅ ነገር ነው። ይኸው ትምህርት በኢንተርኔትም እንዲሰጥ ሆኖ ተዘጋጅቷል።

ትምህርቱ ውድ መሣሪያ አይሻም። እናት ልጇ የሚወደውን ብስኩት እያየው ነገር ግን እጁ በማይደርስበት ቦታ ታኖርና፣ ወዲያው በማንሣት ፈንታ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያያት ወይም እጁን ሲዘረጋ «ብስኩት» ብላ ስሙን እየጠራች ትሰጠዋለች። ይህ በየማዕዱና በየጨዋታው ሲደጋገም፣ ፈቃዱን ለሌላ ሰው መግለጥን ሕፃኑ ይማራል።

እንግዲህ የስልክ ክብሩ ሕፃኑን በመስኮቱ ፊት አስቀምጦ ዝም ማሰኘቱ ሳይሆን፣ የሊቃውንቱን ዕውቀት እናት ዘንድ ማድረሱ ነው። የጤና ቢሮዎች ሆይ፣ ይህን ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ አዘጋጅታችሁ፣ ኢንተርኔት በሌለበትም እንዲታይ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልክ ላይ ጫኑላቸው። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በጎረቤትህ እንዲህ ያለ ሕፃን ብታይ፣ ወላጆቹን ሳትነቅፍና ሳታሳፍር፣ ነገ ዛሬ ሳትል ወደ ጤና ጣቢያ አብረሃቸው ሂድ።