ጡረታ የማያውቀው ዘበኛ

ያረጀ ውሻን መጀመሪያ የሚከዳው የኋላ እግሩ ነው። ጠዋት ሊነሳ ሲል ፊት እግሩን ዘርግቶ ይጎትታል፣ ዳሌው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጥቂት እንደተራመደ ግን ይፍታታል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ባደረ ጠዋት ደግሞ መፍታታቱም ይቀርና ደጃፉ ላይ ቆሞ ጭቃውን ይመለከታል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም።

ዋናው ምክንያት የመገጣጠሚያ ማርጀት ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ያማል። ውሻው ያመመውን እግር ሲያሳርፍ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ተመልሶ በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል። ግዙፍ ውሻ ከ7 ወይም ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ሊታይበት ይችላል፤ ትንሹ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት እስኪያልፈው ይቆያል። በወጣትነቱ የተሰበረ ወይም የወለቀ እግር ካለ ቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው።

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ጌራ እንዲህ ያለ እግር የተረፈው ውሻ ብዙ ነው። እዚህ ውሻ ለጌጥ አይያዝም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ከበቆሎው ያባርራል፤ ሌሊት ከከርከሮና ከጅብ ጋር ይፋጠጣል። ለቀማ ሲደርስ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከሌባ ይጠብቃል። ዝንጀሮ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸሽ እንስሳ አይደለም፤ ወንዱ ዞሮ ከነከሰ የክራንቻው ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከተማ ያለው ውሻ ከዝንጀሮ ቢተርፍ ከባጃጅ ጎማ አይተርፍም።

የደከመ እግር ሁሉ ግን እርጅና አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ ጸጥ ብሎ የሚያብድ ውሻም አለ። መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ሰውነቱ በቀናት ውስጥ ሽባ ይሆናል። እርጅና ወራትና ዓመታት ይፈጃል፤ ሽማግሌው ውሻ ቢያነክስም ምግብ ሲቀርብ አይቀርም፣ ጆሮው ባይሰማ አፍንጫው ይነግረዋል። ጥርጣሬ ካለ እጅን አፉ ውስጥ መክተት፣ «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብሎ መፈለግ አደገኛ ነው። ውሻው ለብቻው ተዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እርጅና መሆኑ ከታወቀ መጀመሪያ የሚስተካከለው ወለሉ ነው። የከተማው ሊሾ ላልጸና እግር ጠላት ነው፤ አንዴ የተንሸራተተ ውሻ ዳግመኛ ለመነሳት ይፈራል። በቡና አገር ጆንያ አይጠፋምና ከመኝታው እስከ በሩ ጆንያ ማንጠፍ ይበቃል። መኝታው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ደረቅና ወፍራም ይሁን፤ ጆንያ ውስጥ ጭድ ቢሞላበት ጥሩ ፍራሽ ይወጣዋል። የቡና ገለባ ግን አይሞላበትም። ገለባው ካፌይን አለበት፤ ካፌይን ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ልቡን ያስሮጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። ስለዚህ የጀበናው አተላ ውሻ በማይደርስበት ይደፋ። ጅማ ተቀምጦ ከአቦልም ከቶናም ከበረካም መከልከል ከባድ ቅጣት ቢመስልም ለጤናው ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። የማይሮጥ ውሻ እንደ ድሮው ከበላ ይወፍራል፤ ውፍረቱን የሚሸከመው ያው የታመመ እግር ነው። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ከሆነ መልካም፤ ፍለጋ የሚጠይቅ ከሆነ ምግቡ ይቀነስ። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት ያደርቀዋል፣ ረጅም መንገድም ይጎዳዋል፤ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ አጭር ጉዞ ይሻላል። ጥፍሩም ይታይ፤ የማይራመድ ውሻ ጥፍሩ አያልቅም፣ ሲረዝም አረጋገጡን ያበላሻል። መነሳት ላቃተው አሮጌ ጋቢ አጥፎ በሆዱ ሥር ማሳለፍና ሁለቱን ጫፍ ይዞ ዳሌውን ማንሳት ነው።

በአካባቢው በብዙ ሙስሊም ቤት የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ ጋቢውም ሳህኑም ለብቻው ይሁን። ይህ ግን እንክብካቤን አይከለክልም። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱ በሐዲስ የታወቀ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ የሰው ኪኒን ለውሻ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ጥቁር ሰገራና ማስመለስ ምልክቶቹ ናቸው። ፓራሲታሞልም ሲበዛ ጉበቱን ያጠፋል። ለውሻ የሚሆኑት እንደ ካርፕሮፌን ያሉት የሚታዘዙት በሐኪም፣ በክብደቱ ተለክተው ነው። በሞቀ ውሃ የተጨመቀ ጨርቅ መገጣጠሚያው ላይ ማዋል ያሳርፈዋል። ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ ጉዳቱ ውሻው ዞሮ ይልሰውና ከላይ ስለ ውፍረት የተባለው ሁሉ መና ይቀራል።

ሐኪም ዘንድ ማድረሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባጃጅ በግ ይጭናል፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ይጭናል፣ ከሰል ይጭናል፣ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አምስት ይጭናል፤ ክትባቱን የጨረሰ ሽማግሌ ውሻ ሲያይ ግን ድንገት ሕግ አዋቂ ይሆናል። እጥፍ እንከፍላለን ሲባል «ይናከሳል?» ይላል። በምን ጥርሱ! የመኪና ሾፌርም «ሽታው አይለቅም» ይላል፤ ትናንት የጫነው የዓሣ ቅርጫት የለቀቀ ይመስል። ተለምኖ፣ ካርቶን ተነጥፎ፣ ውሻው በጋቢ ተጠቅልሎ ክሊኒክ ቢደረስ፣ በየወረዳው ያለው መድኃኒት በአብዛኛው ለከብት የመጣ ነው። ጅማ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 በተመሠረተው የእርሻ ትምህርት ቤት መሠረት ላይ ያደገ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሐኪምም ይወጣበታል። የቀረው ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

ከባጃጁም የሚከፋው መርዙ ነው። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ ተብሎ በየከተማው መርዝ የተቀባ ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም፣ የክትባት ካርድም አያነብም። ፈጣኑ ውሻ ሌላ ቦታ የሚበላው ያገኛል፤ የሚያነክሰው ግን እግሩ ሥር የወደቀውን ያነሳል። ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ የበላ ውሻ አእምሮው ሳይጠፋ ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚሞተው። ውሻን ማምከንና መከተብ እያለ ይህ መፍትሔ አይባልም። መርዙ እስኪቀር ድረስ ሽማግሌው ውሻ ከግቢ ብቻውን አይውጣ።

ማታም ውስጥ ይደር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለፈሪ ነው፤ ሽማግሌው ግን የእውነት አልሰማም። መሮጥ የማይችል ውሻ በረንዳ ላይ ካደረ ጅቡ ሊወስደው ይችላል። ጨርሶ ለማይነሳው በየአራት ሰዓቱ ጎኑን መገልበጥ፣ የረጠበውን መለወጥ፣ ክርኑንና ዳሌውን ለቁስል ማየት ያስፈልጋል። በክረምት ቁስል ላይ ዝንብ ከተቀመጠ ትል ለመፍላት ቀን አይፈጅም። ውሃው አፉ ዘንድ ይቀመጥ።

መብላት ሲያቆም፣ ሕመሙ በመድኃኒት አልበርድ ሲል፣ ቀኑን ሁሉ ሲያቃስት፣ በሐኪም መርፌ ማሳረፍ ምሕረት ነው። ገመድ ግን ምሕረት አይደለም፤ መርዝም አይደለም። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከቶ ከከተማ ወጥቶ ጫካ ዳር መጣልም አይደለም። ስንት ለቀማ ቡና የጠበቀን ዘበኛ እንዲህ ማሰናበት ነውር ነው።