የዓመቱ ቲኬትና የእማዬ ዕቁብ

ቤታችን ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያህል የተወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ስለሚገኝ መዝናኛ ፓርክ የዓመት ቲኬት። ነገሩ ሲጀመር የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር። ሲያልቅ ግን እናታችን ለሁለት ቀን አላነጋገረችንም። እዚያ እንዴት እንደ ደረስን ልንነግራችሁ የፈለግነው፣ ብዙዎቻችሁም እንደ እኛው ለወላጆቻችሁ ወረቀት እያነበባችሁ ስላደጋችሁ ነው።

እኛ ቤት አራት ልጆች ነን። ታላቋ እህታችን አግብታ በባሏ ሥራ ምክንያት ደቡብ ፍሎሪዳ ትኖራለች። የመጨረሻው ወንድማችን አሥር ዓመቱ ነው። በመካከል ያለነው ሁለታችን ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን ምህንድስና፣ አንዳችን ሶሻል ወርክ። ይህን የምትጽፈው የሶሻል ወርኳ ናት። ከዚህ በኋላ «እኛ» ሲባል ሁለታችንን ነው፤ ጥፋቱም የሁለታችን ነው።

እህታችን የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ስትቃረብ እማዬ ኦገስት ላይ ልትሄድ ወሰነች። «ልጄ ወልዳ ገንፎ የሚያገነፋላት ሳይኖር?» አለች፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ። ታናሻችን ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አብሯት ይሄዳል። ለፔሳሕም ሁለተኛ ጉዞ ታስቦ ነበር። እሱ ወሬውን እንደ ሰማ የጠየቀው ግን ስለሚወለደው ሕፃን አልነበረም። «ዲስኒ ከእሷ ቤት ስንት ሰዓት ይርቃል?» አለ። በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ከክፍሉ ልጆች የሄዱ አሉ፤ እሱ ደግሞ ሳይሄድ የእያንዳንዱን ጨዋታ ስም ከስልክ ላይ አንብቦ በቃሉ ያውቃል።

እማዬ የምትሠራው አረጋውያን ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ዕቁብ ትጥላለች፤ አሥር ናቸው፣ በወር 1,200 ሼቄል። ዕጣው ለእሷ የወጣው በዚያው ሰሞን ነበር። አሥራ ሁለቱን ሺህ ሼቄል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ልጄ በአጥር አሻግሮ የሚያይ አይሆንም። ግዙለት» አለችን።

እኛም ሒሳብ ጀመርን።

ዋልት ዲስኒ ወርልድ ኦርላንዶ አጠገብ ነው። አንድ ግቢ አይደለም፤ በ1971 ከተከፈተው ከማጂክ ኪንግደም ጀምሮ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የሚባሉ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት። የዓመት ቲኬቱ በ2021 እንደ አዲስ ሲወጣ አራት ዓይነት ሆነ። ከሁሉም ርካሹ፣ ፒክሲ ደስት የሚባለው፣ ለፍሎሪዳ ነዋሪ ብቻ የሚሸጥ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ በበዓላት ሰሞንም አያስገባም። ከሌላ ግዛት ወይም ከሌላ አገር ለሚመጣ ሰው፣ እዚያ የዕረፍት ቤት ድርሻ የገዛ አባል ካልሆነ በቀር፣ የሚሸጥለት አንዱ ብቻ ነው፤ ኢንክሬዲ ፓስ፣ ከሁሉም ውዱ። በ2021 ሲጀመር 1,299 ዶላር ነበር። እኛ ስናይ 1,549 ደርሶ ነበር፤ የነዋሪው ርካሹ ደግሞ 469።

ለልጅ ብሎ ቅናሽ የለውም። ሦስት ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ አዋቂ ይከፍላል። በላዩ ስድስት ከግማሽ በመቶ ቀረጥ አለ። ለአንድ ሰው ወደ 1,650 ዶላር፣ ለእማዬና ለታናሻችን 3,300 ዶላር ማለት ነው። ወደ ሼቄል ስንመነዝረው 12,000 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዕቁቡ በልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ገጠመ፤ ለውኃ መግዣ እንኳ አይተርፍም።

አከፋፈሉም ሌላ ነገር ነው። የፍሎሪዳ ነዋሪ ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን ያለ ወለድ በአሥራ ሁለት ወር ይከፍላል። ከውጭ የሚመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው። ማቀዝቀዣውንም ምጣዱንም በታሽሉሚም ገዝቶ ላደገ ቤት ይህ ከባድ ነው።

ያም ሆኖ ቲኬቱ ዓይናችንን ያዘው። የዓመት ቲኬት ዓመቱ የሚቆጠረው ፓርኩ በር ላይ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን ነው። ስለዚህ ኦገስት ላይ ቢጀመር ፔሳሕም እዚያው ዓመት ውስጥ ይወድቃል። ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች የሚገዙትም በዚህ ስሌት ነው፤ ሁለት ጉዞን በአንድ ቲኬት። ውዱ ቲኬት የተከለከለ ቀን የለበትም። ያኔ በቀን 30 ዶላር ይከፈልበት የነበረው የመኪና ማቆሚያም በእሱ ነፃ ነው። ምግብና ዕቃ ላይ ቅናሽ አለው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

አንድ ማታ ላይ ከሁለታችን አንዳችን (ማን እንደ ሆነ እስካሁን እንከራከራለን) «እህታችን እኮ የፍሎሪዳ አድራሻ አላት» አልን።

የፍሎሪዳ ነዋሪ መሆንን የሚያሳየው የግዛቱ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ ካልሆነም አድራሻ ያለበት እንደ መብራት ሒሳብ ያለ ወረቀት ነው። የእህታችን የመብራት ሒሳብ ላይ የእማዬ ስም ቢጨመርስ? ከልጇ ጋር ትኖራለች ቢባልስ? በሁለት ሰው 2,160 ዶላር ይተርፋል። ያ ገንዘብ ከሁለታችን የአንዳችንን የዓመት የትምህርት ክፍያ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። «ማንን እንጎዳለን?» ተባባልን። «ሀብታም ድርጅት ነው» ተባባልን። እህታችን በስልክ «ተዉ እንጂ» ብላ ነበር፤ ግን ለመውለድ የቀራት ሁለት ሳምንት ስለ ነበር አጥብቃ አልተከራከረችም።

ቅጹን አተምን። እማዬ ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ይሄ ለቲኬቱ ነው፤ ርካሽ አግኝተንልሻል፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አልናት። እሷም ፈረመች። ስምንት ዓመት ከሞላን ጀምሮ ሳትጠይቅ ነው የምትፈርምልን። የባንኩን፣ የሐኪም ቤቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን።

ነገሩን ያወጣው ታናሻችን ነው። እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰ፣ «እማዬ፣ አሁን የምንኖረው ፍሎሪዳ ነው?» አላት።

«ማን አለ?»

«እነሱ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

እማዬ ወደ እኛ ዞረች። ዝም አልን። እጇን ታጥባ ተመልሳ ተቀመጠች።

እማዬ ከጎንደር ገጠር ከቤተሰቧ ጋር ወደ አዲስ አበባ የወረደችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እዚያ ብዙ ወራት ጠብቀዋል፤ ተሰልፈዋል፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመንደር ስም ተጠይቀዋል። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ እሷም ከእነሱ ውስጥ ነበረች። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በትምህርት ቤት ስለ እሱ ጽፈን ጥሩ ውጤት አግኝተንበታል። በዚያ ማታ የተናገረችውን ግን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም።

«እኔ እውነቴን ተናግሬ ያላመኑኝ ብዙ ናቸው» አለች። «ማን ነሽ ሲሉኝ ነኝ ያልኩትን ነበርኩ፤ እዚያም እዚህም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ልታመን?»

ይቅርታ ልንል ስንጀምር እጇን አነሣች።

«ደግሞ የዋሻችሁት ለእነሱ አይደለም። ለእኔ ነው።»

ለሁለት ቀን ምግብ አቀረበችልን፤ «ብሉ» ግን አላለችንም። የኢትዮጵያ እናት ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

ከእኛ አንዷ የምትማረው ሰው የሚፈርመውን ነገር በሚገባው ቋንቋ ሳይረዳ ማስፈረም ነውር መሆኑን ነው። ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግ ልጁንም ወላጁንም እንደሚጎዳ ክፍል ውስጥ ተምራለች፤ ፈተና ላይም ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። በልምምድ ሥራዋ ቤተሰቦች ፊት ተቀምጣ፣ «የሚከብድዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ፤ ሳይገባዎት አይፈርሙ» ትላለች። ቤቷ ስትገባ ግን እናቷን ጫማዋን ሳታወልቅ ታስፈርማለች።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ሌሎች ትርጉሞቻችንንም አስታወስን። መምህሩ «ክፍል ውስጥ ይረብሻል» ሲል «ጎበዝ ነው፤ ትንሽ ይጫወታል» ብለን የተረጎምነውን። ሐኪሙ ያለውን ግማሹን ብቻ የነገርናትን፣ እንዳትደነግጥ ብለን። አንዱንም በክፋት አላደረግነውም። ግን እያንዳንዱን ጊዜ በእሷ ፋንታ ወስነን ነበር፤ እሷ ደግሞ የወሰነችው ራሷ መስሏታል። ሰው «እናታችን ማንበብ አትችልም» ሲል እንቆጣለን። አለማንበቧን የተጠቀምንበት ግን እኛው ነን።

በሦስተኛው ቀን ቅጹን በፊቷ ቀደድነው። ከዚያ ከካላንደር ላይ በቀደድነው ወረቀት ጀርባ ሁሉንም በአማርኛ ጻፍን፤ ቁጥሩን ትልቅ አድርገን። የነዋሪው ይህን ያህል፣ የእንግዳው ይህን ያህል። ገንዘቡ አይመለስም። ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የአንድ ቀን ቲኬት ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ 150 ዶላር ብለን ብናስብ የዓመቱ ቲኬት ዋጋውን የሚያወጣው እያንዳንዳችሁ አሥራ አንድ ቀን ከገባችሁ ነው። የብዙ ቀን ቲኬት በአንድ ላይ ሲገዛ ደግሞ የቀኑ ዋጋ ስለሚቀንስ ከአሥራ አንድም በላይ ነው።

እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና እኛ በሦስት ሳምንት ያልጠየቅነውን ጠየቀች።

«እኛ ስንት ቀን እንሄዳለን?»

በጣቷ ቆጠረች። መንገዱ ደርሶ መልስ ስምንት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሰንበት ነው። አማቿ ከእሁድ በቀር ሥራ አለው። ልጇ አራስ ናት። «አራስ ጥዬ አሥራ አንድ ቀን ዲስኒ ልዋል?» ብላ ሳቀች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ሁለት ቀን ይበቃናል። ቲኬቱ ዓመት ቢቆይ እኔ ዓመት አልቆይ።»

የሁለት ቀን ቲኬት ቀደም ብለን ገዛን። ከዕቁቡ ገንዘብ የሚበዛው ተረፈ። ከፊሉ ለአራሷና ለሕፃኑ ሆነ። ከፊሉን ለትምህርት ክፍያ ብላ ለእኛ ሰጠችን። አንቀበልም አልን ብንላችሁ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ታናሻችን ሁለቱን ቀን በሩጫ ጨረሰው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከነነጎድጓዱ ሲወርድ፣ ፍሎሪዳ በኦገስት እንደዚያ ነው፣ ተጠልለው የተነሡት ፎቶ አሁን ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል። አኒማል ኪንግደም ውስጥ በመኪና ተጭነው አውሬ ካዩ በኋላ እማዬ ደወለችልን። «እኛ አገር አውሬ ለማየት አይከፈልም፤ አውሬው እንዳያይህ ነው የምትከፍለው» አለች።

የፔሳሑ ጉዞ አልሆነም። ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። የዓመቱን ቲኬት ገዝተን ቢሆን ኖሮ፣ ውዱንም ሆነ ርካሹን፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ዓመቱ ያልቅ ነበር።

እናንተም ውጭ አገር ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ እንዲህ ያለ ቲኬት ካማራችሁ ቅድሚያ ዋጋውን አትጠይቁ። ስንት ቀን በእርግጥ እንደምትገቡ፣ ሁለተኛው ጉዞ በማን ፈቃድ ላይ እንደ ተመሠረተ፣ ባይሆን ገንዘቡ ይመለስ እንደ ሆነ ጠይቁ። የነዋሪ ዋጋ ለነዋሪ ነው፤ እኛም እዚህ ከተማችን ለነዋሪ የሚሰጠውን ቅናሽ ስናገኝ ደስ ይለናል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ገንዘቡን የምታወጣውን ሴትዮ በአማርኛ አስረድታችሁ ጠይቋት። ምናልባት ከእናንተ የተሻለ ሒሳብ ታውቅ ይሆናል።

አሁን ቤታችን ደብዳቤ ሲመጣ እማዬ መነጽሯን ታደርግና ትቀመጣለች። «መጀመሪያ ወረቀቱ የሚለውን ንገሩኝ» ትላለች። «ቀጥሎ እናንተ የምትሉትን።» ሁለቱን ለይተን እንነግራታለን። አንዳንዴ በምንለው ትስማማለች፤ አንዳንዴ አትስማማም። መፈረሙ ከድሮው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እኛም እንጠብቃለን።