ከበሽተኛው በፊት ጥያቄው ይመርመር

አስተማሪ ነኝና ተማሪ በፈተና ሲወድቅ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም መመርመር እወዳለሁ። ይኸው ልማድ ለሐኪም ቤትም እንደሚያስፈልግ የተረዳሁት፣ የእግርና የቁርጭምጭሚት ሕመምተኞች የሚሞሉት መጠይቅ ወደ ዓረብኛ ስለሚተረጐምበት መንገድ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው ነው። ስለ ዕለት ኑሮ 21፣ ስለ ስፖርት 8 ጥያቄዎች አሉት። ሕመምተኛው ደረጃ መውጣት፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ፣ በእግር ጣት መቆም ምንም ካላስቸገረው ለእያንዳንዱ 4፣ ፈጽሞ ካልቻለ 0 ያገኛል። ሐኪሙም ድምሩን ከመቶ አስልቶ ሕክምናው መጥቀም አለመጥቀሙን ይመዝንበታል። እንግዲህ ቃሉ ቢዛነፍ ሚዛኑም ይዛነፋል፤ የሚጐዳውም ሕመምተኛው ነው።

እነሆ ምሳሌ። በዓረብኛ «ሪጅል» የሚባለው ቃል፣ ልክ እንደኛው «እግር»፣ ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ለይቶ የሚጠራው «ቀደም» ነው። ጕልበቱን የሚያመው ሰው ስለ «ሪጅል» ቢጠየቅ፣ የጕልበቱን ጣጣ በቁርጭምጭሚቱ ሒሳብ ሊያስገባው ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጕሙና ትርጕማቸው ይታረቃል፤ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፤ ሊቃውንትም ሁሉን ያስተያያሉ። ዳሩ ግን መላሹ ሰው «ሪጅል»ን በግምት አቃንቶ ቢመልሰው ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀራል። በመጨረሻ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ሕመምተኞች መጠይቁን ሞልተው፣ ከያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደ ተረዱ የሚጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት የሥራው ቁም ነገር ይኸኛው ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ሙስሊም ሕመምተኛ በቀን አምስት ጊዜ ሲሰግድ ቁርጭምጭሚቱንና የእግሩን ጣቶች ያጥፋል፤ መጠይቁ ግን ስለ ሶላት አይጠይቅም። ጥያቄ ቢጨመርበት የካይሮው 70 ከሌላው አገር 70 ጋራ እኩል መሆኑ ያከትማል። ባይጨመርበት ደግሞ የሰውየው ትልቁ ችግር ሳይነገር ይቀራል። እኔ የቁጥሩ ሚዛን ሳይነካ ይቈይ፣ ሐኪሙ ግን ስለ ሶላቱ በአፉ ይጠይቅ እላለሁ። ቁጥር ለማወዳደር ይረዳል እንጂ የሰውን ኑሮ ሁሉ አይይዝም።

አንባቢ ሆይ፤ ነገ በመሥሪያ ቤትህ ቅጽ ስታዘጋጅ፣ አስቀድመህ ለሚሞላው ሰው አንብብለትና ምን እንደ ገባው ጠይቀው።