መጻፍ አለመተማመን አይደለም



ለመሆኑ በቁርአን ውስጥ እጅግ ረዥሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃላችሁ? ደረሶቼን ስጠይቃቸው አንዱ ስለ ሶላት፣ ሌላው ስለ ጀነት ይለኛል። አንቀጹ ግን የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳና ሽያጭ፣ ስለ ጸሐፊና ምስክር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ያህል ቦታ የሰጠውን ጉዳይ እኛ ስለምን እናቃልለዋለን?

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ሐራዎች ገበያ ወጥተን በሬ ስንገዛ የማናውቀውን ሻጭ «ዋስ አምጣ» እንለዋለን። ከበሬው ብዙ እጥፍ የሚያወጣውን ባጃጅ ወይም መኪና ስንሻሻጥ ግን «ኧረ በአላህ! አንተና እኔ ደግሞ ልንፈራረም?» እንባባላለን።

በአካባቢያችን የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ መስጊድ፣ በአንድ ሰፍ የሚሰግዱ ሁለት ጎረቤታሞች ባጃጅ ተሻሻጡ። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ሊከፈል ተስማሙ። ስም ማዛወሩን «ቀስ ብለን እንደርስበታለን» ብለው ሻጩ ሊብሬውንና ውክልናውን ብቻ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላ ሻጩ ወደ አኺራ ሄደ። ገዢው «ቀሪውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አለ፤ ሚስቱ ደግሞ «ገና እንዳልተከፈለው ነግሮኛል» አለች። ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም ተቀምጬ ነበር። ሁለቱንም «ዋሽታችኋል» ለማለት አፌ አልደፈረም፤ እውነቱን የሚያውቀው ሰው ከአፈር በታች ነውና። ነገሩ በዕርቅ አለቀ፤ ልብ ለልብ ግን እንደ ቀድሞው አልተገናኘም። የሟቹ ልጆች እኔ ዘንድ ይቀራሉ። ትንሹ ያ ባጃጅ በደጃችን ባለፈ ቁጥር «ኡስታዝ፣ የአባቴ ነው» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ያን ጊዜ ገዢው የወራሾችን ደጅ መጥናት፣ የወራሽነት ማስረጃ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 ደግሞ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስምህ በሊብሬው ላይ ካለ ታዲያ አደጋ በደረሰ ጊዜ ማን ይጠየቃል? ተጎጂው የሚያገኘው ያንተን ስም ነው።

አንዳንዱ «አንቀጹ እኮ በእጅ በእጅ የሆነ ንግድን ባትጽፉ ኃጢአት የለባችሁም ይላል» ብሎ ይከራከራል። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማእም መጻፉን የተወደደ እንጂ ግዴታ አላደረጉትም። ነገር ግን ያው አንቀጽ ስትሻሻጡ አስመስክሩ ይላል። መኪና ደግሞ እንደ ሽንኩርት አይደለም፤ ገንዘቡ በዕለቱ ቢከፈል እንኳ ስሙ ሳይዛወር ሽያጩ ተፈጸመ አይባልም። በቲርሚዚ ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአል-ዐዳእ ኢብኑ ኻሊድ የሻጭና የገዢ ስም፣ የተሸጠውም ነውር እንደሌለበት የሚገልጽ የሽያጭ ጽሑፍ አጽፈውለታል። ከእርሳቸው የበለጠ ታማኝ ማን ነበር? ቢሆንም ተጻፈ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ገዢ ከሆንክ አስቀድመህ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ተሽከርካሪው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ አለመሆኑን፣ ዓመታዊ ምርመራውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ የእርሷም ሐቅ አለበትና። ከዚያ ውሉን ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ተፈራረሙ፤ በመንገድ ትራንስፖርትም ስሙን አዛውሩ። ቀሪ ገንዘብ ካለ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፤ ሲከፈልም ደረሰኝ ይኑር። ሻጭ ሆይ! አንተም የምታውቀውን የሞተር ጉድለት አትደብቅ፤ የእውነተኞች ሽያጭ በረካ እንዳለው፣ የደባቂዎች ግን በረካው እንደሚጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

ክፍያ ለመቀነስ ብላችሁም ዋጋውን አሳንሳችሁ አትጻፉ። ይህ ከሐሰት ምስክርነት በምን ይለያል? ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ደግሞ የሚመለስልህ በወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል።

አዎን፣ ከሐራ ወልድያ መመላለሱ ሥራ ያስፈታል፤ ሰልፉም ያሰለቻል። አንቀጹ ግን ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ ብሎ አስቀድሞ መክሮናል። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ወንድምህን «እንጻፍ» ስትለው አላመንኩህም ማለትህ አይደለም። ሞት ከመካከላችን ማንን እንደሚያስቀድም አላውቅም፤ ልጆቻችን እንዳይካሰሱ ማለትህ ነው።

አላህ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ላይ ሳይኖር ከርሱ ጋር የምንገናኝ ያድርገን። አሚን።