የአንጀት ብግነትን በቲቢ አገር ማጥናት

በገላን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር የኢሚዩኖሎጂ ተማሪ የጥናቱን ርዕስ ለጎረቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም። «አንጀት» ሲል የሚሰማው ሰው አሜባን፣ ጃርዲያን ወይም ታይፎይድን ያስባል፤ ሰውነት በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል ሲባል ግን ነገሩ የባለጸጋ አገር ሕመም ይመስለዋል። ቲቢ ገና ባልተሸነፈበት አገር በክሮንስ ሕመም ላይ ዕድሜን ማሳለፍ ቅንጦት አይደለምን? ይህ ጥያቄ የተማሪውንም ልብ ይፈትናል።

መልሱ የሚገኘው ከራሱ ከቲቢ ዘንድ ነው። የአንጀት ቲቢም ሆነ ክሮንስ ብዙውን ጊዜ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ያጠቃሉ፤ ሁለቱም የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና ክሳት ያስከትላሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ግራኑሎማ የተባለውን የመከላከያ ሕዋሳት ክምችት ሊያሳዩ ይችላሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ቲቢ ባክቴሪያውን በሚገድል መድኃኒት ይታከማል፤ ክሮንስ ደግሞ የመከላከል ኃይልን በማብረድ። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለክሮንስ የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ያግዳል፤ ይኸው ፕሮቲን ግን የቲቢን ባክቴሪያ በግራኑሎማ ውስጥ አጥሮ ለመያዝ የግድ ያስፈልጋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት መድኃኒቱ ተደብቆ የኖረን ቲቢ ሊቀሰቅስ እንደሚችል አሳየ። እንግዲህ ሁለቱን ማምታታት ለአንዱ ታካሚ የወራት ከንቱ ሕክምና፣ ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥናት መሠረቱ በአገር ውስጥ አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. በአለርት ግቢ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራውን የጀመረው ከሥጋ ደዌ ነው። ሥጋ ደዌም አንድ ባክቴሪያ እንደ ታካሚው የመከላከል ምላሽ ልዩ ልዩ መልክ ያለው ሕመም እንደሚያስከትል አስተምሯል። በጅማ ከተማና በገጠር አካባቢዋ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የደረት ሲርሲርታ አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአሳማ ትል እንቁላል ለክሮንስ ታካሚዎች ሰጥተው ተስፋ ሰጪ ውጤት አገኙ፤ በኋላ የተደረጉ ሰፋ ያሉ ሙከራዎች ግን አላጸኑትም። ትሉ ራሱ መድኃኒት ባይሆንም፣ የመከላከል ሥርዓቱን በምን መንገድ እንደሚያረጋጋ ማወቅ አሁንም ታላቅ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለከተማ ዳር ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከገጠር መጥቶ በቧንቧ ውኃና በታሸገ ምግብ መኖር የጀመረ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ የአንጀቱን ተሕዋስያን ሊለውጥ ይችላል። ወደ እስራኤል በተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የአንጀት ብግነት መታየቱ የዚህ ለውጥ አንድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከመብዛቱ በፊት ከቲቢ የሚለይበትን መንገድ ማዘጋጀት ቅንጦት ሳይሆን ለሚመጣው ታካሚ አስቀድሞ መድረስ ነው።