ርካሽ የግንባር ባትሪ ዳሸን ያወጣል?

እናንተዬ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርሃን ቁጥር አትመኑ፤ ቁጥር መጻፍ ገንዘብ አያስወጣም። እኛ ለስሜን ጉዟችን ኪሳችን የቻለውን የግንባር ባትሪ ገዛንና ፈተና ሰጠነው፦ አብርተን ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው ጎን አሳደርነው። ብርድ የድንጋይን ጉልበት ይበላል፤ ወደ 4,550 ሜትሩ ራስ ዳሸን ጫፍ የሚኬደው ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ ነው። ጠዋት ስንከፍተው ደብዝዞም ቢሆን እግር የሚረግጠውን ያሳያል። አለፈ! ማሰሪያው ይላላል፤ ዝናብ ሲመጣም በፌስታል እንሸፍነዋለን። መለዋወጫ ድንጋዩ ደረት ኪሳችን ውስጥ ይሞቃል። በአንድ ውድ ባትሪ ዋጋ ግን ለአምስታችንም ለስካውታችንም ተዳረሰ። ገደል አፋፍ ላይ የፊተኛው ሰው መብራት ለኋለኛው አይሠራምና።